አዋቂው ሲከፈት

የመጋዟ ጥርስ የኳሱን ወገብ ሲነካ ጥርስ ሠሪዋ እጇን መለሰች። አርባ አምስት ዓመት ከቤተሰብ ጋር የኖረን ነገር ለሁለት መቁረጥ እንዲህ በቀላሉ አይሆንላትም። ኳሱን የያዘውን ሞርሳ ትንሽ አላላች፣ ኳሱ እንዳይጫር ከግራና ከቀኝ ጨርቅ ደረበችለት፣ ግንባሯ ላይ የነበረውን ማጉያ መነጽር አወረደች። ከዚያ "አይዞህ፣ አያምህም" አለችውና እንደገና ጀመረች። ለታካሚ እንዲህ ብላ አታውቅም። ታካሚዎቿን አይታቸውም አታውቅም፤ የምታውቀው አፋቸውን ብቻ ነው፣ ያውም በጀሶ።

ሥራ ክፍሏ ከመኖሪያ ቤቷ ጋር በአንድ በር የምትገናኝ ጠባብ ክፍል ናት። መደርደሪያው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ተራ ይዘው ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። የጥርስ ሐኪሞች የታካሚውን ልክ ይልኩላታል፣ እሷ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሠርታ ትልክላቸዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ሰፋኝ" ብሎ የመለሰባት ሰው የለም። "ጠበበኝ" ያሉ ሁለት አሉ፤ እነሱንም እስከ ዛሬ ድረስ ትጠረጥራቸዋለች። ዛሬ ግን ቅዳሜ ስለሆነ የሰው ጥርስ አትነካም። ዛሬ ያለባት ሥራ የወንድሟ ነው፣ እሱም ስምንት ሰዓት ላይ መድረስ አለበት።

ወንድሟ በአራት ዓመት ያንሳታል። የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ተማሪዎቹ "ቀስ በሉ" ይሉታል፣ በቀን አርባ ጊዜ ከአፉ የሚወጣው ቃል እሱ ነውና። የእህቱ ባል የሞተ ጊዜ "ለአንድ ሳምንት አብሬሽ ልሁን" ብሎ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ። ያ ሳምንት ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። እሷም አላነሣችበትም፣ እሱም አላነሣም። ምሳ አብረው ይበላሉ፣ በረባው ባልረባው ይጨቃጨቃሉ፣ እሱ ሳህን ያጥባል፣ እሷ ታደርቃለች። በዚህ ኑሮ ደስተኛ ነበረች፤ ደስተኛ መሆኗን ልብ ያለችው ግን ሊቀርባት መሆኑን ካወቀች ወዲህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ወንድሟ ደብዳቤ ያበዛ ጊዜ ነው። ለአሳታሚው፣ ለመጽሐፍ አከፋፋዩ፣ ለወንበር ጠጋኙ ሳይቀር በስልክ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ሁሉ ጽፎ በአደራ ይልክ ጀመር። ውሎ አድሮ ሲጣራ ፖስታ ቤቱ ሁለተኛው መስኮት ላይ አንዲት ሴት አለች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሲያስቃት ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች፣ ማኅተም ስትመታ ጠረጴዛው ይናወጣል። ሦስት ጊዜ ቤታቸው መጥታ ምሳ በላች። ጥርስ ሠሪዋ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ጥርሷን አየች፣ ሁሉም የራሷ ናቸው። ቀጥላ ሴትዮዋን አየችና ወደደቻት። ክፉ ሴት ብትሆን ነገሩ እንዴት በቀለለላት።

ከአራት ወር በፊት ሴትዮዋ፣ እነሱ ቤት ስሟ "ፖስታ ቤቷ" ነው፣ ወደ ትውልድ ከተማዋ የቅርንጫፍ ኃላፊ ሆና እንደምትዛወር ለወንድሟ ነገረችው። አብረኸኝ ና፣ እንጋባ ያለችውም ራሷ ናት፤ እሱ እስኪጠይቃት ብትጠብቅ ጡረታ እንደሚደርስባት ገብቷታል። እሱም አስቤበት እነግርሻለሁ አላት። እነሱ ቤት ማሰብ ማለት ደግሞ አዋቂውን መጠየቅ ማለት ነው።

አዋቂው የሚሉት ይህንን ጥቁር ኳስ ነው። ከሥሩ ክብ መስኮት አለችው። ሰው ጥያቄውን ይጠይቅና መስኮቷን ወደ ላይ ይገለብጣታል፤ ከጥቁር ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሦስት ማዕዘን ነጭ ነገር ቀስ ብሎ ይመጣና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። መልሱ እሱ ላይ ተጽፏል። እሷ የአሥር፣ ወንድሟ የስድስት ዓመት ልጆች ሳሉ አባታቸው ከውጭ ከመጣ ሸቀጥ መሃል አግኝቶ ገዛላቸው። መልሶቹ በባዕድ ቋንቋ ስለነበሩ ከፈተው፣ በቀጭን ብሩሽ በራሳቸው ቋንቋ ጽፎ መልሶ ገጠመው። ሥራው የሱቅ ሰሌዳ መጻፍ ነበርና እጁ የለመደው ደንበኛን ማክበር ነው፤ ስለዚህ ኳሱ የስድስት ዓመት ልጅ ሲያናግር እንኳ በአንቱታ ነበር።

ያን ዓመት እናታቸው ታማ ተኝታለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ኳሱን ያነሡና "እማዬ ትነሣለች?" ብለው ይጠይቁታል። አንድ ቀን "አዎ" ይላል፣ አንድ ቀን "ቆይተው ይጠይቁ" ይላል። በአምስተኛው ወር እናታቸው ተነሣች፣ ከዚያም በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረች። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ ያየ ልጅ ቢሸብትም አይተውም። ሕግም ወጣለት፦ ለትልቅ ጉዳይ ብቻ ይጠየቃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል፣ "ቆይተው ይጠይቁ" ካለ አንድ ወር ይጠበቃል።

ወንድሟ ስለ ፖስታ ቤቷ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሦስቱንም ጊዜ ቆይተው ይጠይቁ ተባለ። በአራተኛው ወር ኳሱ ራሱ ታመመ፤ ፈሳሹ በዓመታት ብዛት ጎድሎ መስኮቷ ላይ አረፋ ቆመ፣ ከውስጥ የሚመጣውም ነጭ ነገር በጠርዙ እየቆመ የሁለት መልስ ግማሽ ግማሽ ያሳያል። ትናንት ወንድሟ ኳሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። የሴትዮዋ አውቶቡስ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚነሣ ነግሯት፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲደርስለት ለምኗት፣ ጠዋት የመጻሕፍት ቆጠራ ሊጨርስ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ኳሱ ካልተጠገነ ለሴትዮዋ መልስ እንደማይሰጣትም እንደ ቀልድ አድርጎ ተናገረ። እህቱ ግን ታውቀዋለች፣ ቀልዱን አልነበረም።

ኳሱ ለሁለት ተከፈለ። ልጅ ሳለች ሙሉውን ፈሳሽ ይመስላት ነበር። ለካስ ውስጡ ባዶ ነው፤ መሃሉ ላይ የቡና ስኒ የምታክል የፕላስቲክ ጣሳ አለች፣ ፈሳሹም ያለው እሷ ውስጥ ነው። ክዳኗን በቀጭን መሰርሰሪያ በሳችና ሰማያዊውን ፈሳሽ በመርፌ ስባ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው። አሸተተችው፣ አልኮል ነው። ከዚያ ክዳኑን ፈልቅቃ በመቆንጠጫ ፍሬውን አወጣች።

ሃያ ገጽ ያለው ነጭ የፕላስቲክ ፍሬ ነው፣ ከሎሚ ብዙም አይበልጥም። ውስጡ ክፍት ነው፣ ጎኑ ላይ ፈሳሽ የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ስለዚህ ዘሎ አይንሳፈፍም፣ አይሰጥምም፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲደርስ ከሃያው አንዱ ገጽ መስታወቱ ላይ ጥብቅ ይላል፣ ሌሎቹን ሰማያዊው ይደብቃቸዋል። ያ ሁሉ አዋቂነት ይህ ነው። ጥርስ ሠሪዋ አልተከፋችም፤ ይልቅ የሠራው ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር ስትል አደነቀች።

አዲስ ፈሳሽ ከመጨመሯ በፊት ፍሬውን ከቆሻሻው ልታጸዳው ጥጥ አልኮል ነክራ አንዱን ገጽ አሸችው። አርባ አምስት ዓመት ተዘፍዝፎ የላላው የአባቷ ቀለም ተልጦ ጥጡ ላይ ቀረ። ደነገጠች። ከቀለሙ ሥር ፋብሪካው በፕላስቲኩ ላይ ከፍ አድርጎ ያተመው የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ ታየ። ቋንቋውን ከጥርስ ዕቃዎች መመሪያ ላይ በመጠኑ ለምዳዋለች። ከላይ "አዎ" ነበር፣ ከሥሩም አዎ ነው። አንዴ ተልጧል በሚል ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም አሸች፣ እነሱም ትክክል ናቸው። አራተኛው ላይ አባቷ "ቆይተው ይጠይቁ" ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ያለው ግን "አይሆንም" ነው።

ማጉያ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገችው። አሁንም አይሆንም ይላል። ቀሪዎቹን ገጾች ከዳር ከዳር ብቻ እያሸች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከሃያው አሥሩ አዎ ናቸው። አምስቱ ከድሮም ቆይተው ይጠይቁ ናቸው። አምስቱ ግን አይሆንም ነበሩ፣ አባቷ ቀለሙን ወፈር አድርጎ ሸፍኗቸዋል።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ኳሱን የከፈተበት ማታ ትዝ አላት፤ እናቷ ጓዳ ተኝታ፣ እሱ መብራት ሥር ጎንበስ ብሎ፣ እሷና ወንድሟ ቶሎ በል እያሉ ሲወተውቱት። በማግስቱ ልጆቹ ምን እንደሚጠይቁ ያውቅ ነበር። አይሆንም የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ብሩሹን ምን ያህል ጊዜ ይዞ እንደቆየ አሰበችና አለቀሰች። ብዙም አላለቀሰች፤ ጓንቷን ሳታወልቅ በክንዷ ጠረገችው።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት፣ ሐሳቡም የሚያኮራ አልነበረም። ጥርስ የምታቀልምበት ብሩሽ ከፊቷ አለ። ነጭ ቀለም አለ፣ የአባቷን ጽሕፈት ደግሞ ከማንም በላይ ማስመሰል ትችላለች። ሃያውንም ገጽ አይሆንም ብላ ብትሞላው ወንድሟ አንድ ጊዜ ገልብጦ፣ ትንሽ አዝኖ፣ ሳህኑን ያጥብ ነበር። አውቶቡሱም ይሄድ ነበር። ይህን ስታስብ ብሩሹን ጨብጣ እንደነበር ያወቀችው ወደ ታች ስታይ ነው። መልሳ ብልቃጡ ውስጥ አቆመችው። "ምን ዓይነቷ ሰው ነሽ" አለች ለራሷ፣ ደግሞም ሳቋ መጣ።

ወንድሟ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰ። በሩን በግማሽ ከፍቶ አንገቱን ብቻ አስገባ።

"ደረሰልኝ?"

"ግባና ተቀመጥ።"

ሞርሳው ላይ ያሉትን ሁለት ግማሾች አየ። "ሞተ እንዴ?"

"ተቀመጥ አልኩህ እኮ።"

ተቀመጠ። ፍሬውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጋ ሰጠችውና ማጉያ መነጽሯን አጠለቀችለት። የአባታቸውን ጽሕፈት ገና ሲያይ ፈገግ አለ። ከሥሩ ያለውን እንዲያነብ ነገረችው። አነበበ፣ አገላበጠ፣ እንደገና አነበበ።

"አይሆንም ይላል" አለ።

"አምስት ናቸው። አምስቱንም ሸፍኗቸዋል።"

ወንድሟ ፍሬውን እንደያዘ ቀና አለ። መነጽሩ ዓይኑን አተልቆት እንባው ከመውረዱ በፊት ይታይ ነበር።

"በየቀኑ እኮ ነበር የምንጠይቀው" አለ።

"አንተማ በቀን ሁለቴ። ሽንት ቤት ይዘኸው ትገባ ነበር።"

"አባባ ያውቅ ነበር? እንደምትነሣ?"

"ከየት ያውቃል? ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። እኛን በኳስ እያጽናና እሱ ብቻውን ነበር የሚፈራው።"

ወንድሟ ፍሬውን ጨርቁ ላይ መለሰና መነጽሩን አወለቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩን በራሱ ጉዳይ መነዘረው፣ ፊቱም ተቀየረ።

"እንግዲያ ሦስት ወር ሙሉ ቆይተው ይጠይቁ ሲለኝ የነበረው አባባ ነው።"

"ለእማዬ ያዘጋጀውን አንተ ለፖስታ ቤት አዋልከው።"

ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ ሁለቱም እየሳቁ አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ሳቁ ሲያልቅ ወንድሟ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ቢሆኑ በማይሳሳቱት መንገድ ተሳሳተ።

"እትዬ፣ በቃ አምስቱን በደንብ አጽጂያቸውና ግጠሚው። አንድ ጊዜ በሐቁ ልጠይቀው።"

ጥርስ ሠሪዋ ወንድሟን አየችው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ስምንት ሺህ መጻሕፍት ያስተዳድራል፣ የፕላስቲክ ፍሬ ይዞ ያገባ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ከኋላዋ ያለው መደርደሪያ ላይ በሰማያዊ መብራት በሃያ ሴኮንድ የሚደርቅ የጥርስ ማጣበቂያ አለ። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠርሙሱን በትከሻዋ ጋረደችው።

"ማጣበቂያው ስድስት ሰዓት ይፈልጋል" አለች። "ቶሎ ቢባል ማታ ነው።"

"አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።"

"አውቃለሁ።"

ወንድሟ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ፈሳሽ አየ፣ የጀሶ መንጋጋዎቹን አየ። በመጨረሻ ወደ እሷ ዞረ።

"እሺ አንቺ ምን ትያለሽ?"

አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ይህን ጠይቋት አያውቅም። እሷም ጠይቃው አታውቅም። ምላሷ ላይ የመጣው የቤቱ መልስ ነበር፣ ቆይ ላስብበት ልትል አፏን ከፍታለች። ዘጋችው።

"እኔማ ባትሄድ ደስ ይለኛል" አለች። "ምሳ ብቻዬን መብላት አልወድም፣ ቤቱም ይሰፋብኛል። ይሄ የኔ ጉዳይ ነው፣ አንተ ልትሸከመው አይገባም። ግን ስለሷ ስታወራ ሾርባህ ይቀዘቅዛል። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንበላ ሾርባህ ቀዝቅዞ አይቼ አላውቅም። ሂድ።"

"አሁን ዘግይተሃል፣ አልፈልግም ብትለኝስ?"

"ያኔ አልፈልግም ተባልክ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ይሰማዋል ይህን ቃል። እኛ ብቻ ነን ሳንሰማው ያረጀን።"

ወንድሟ ተነሣ። ሸሚዝ ለመምረጥ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ እሷ ባትገባና ሁለቱን አንሥታ ሻንጣው ውስጥ ባትወረውራቸው አሁንም እየመረጠ ይሆን ነበር። መንገድ ላይ ልቡ እንዳይከዳው አብራው ሄደች። ታክሲ ውስጥ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚለውን እየተለማመደ መሆኑ ገባትና መስኮት መስኮቱን አየች።

ፖስታ ቤቷ የአውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ሦስት ካርቶኖች አሉ፤ እንደ መንግሥት ጥቅል በመስቀለኛ ሲባጎ ታስረው አድራሻቸው በትልቁ ተጽፎባቸዋል። ሁለቱን ስታይ ብድግ አለች፣ ግን አልሳቀችም። ወንድሟ ፊቷ ቆመ። የተለማመደው ሁሉ ጠፋው።

"ሩብ ሰዓት ቀርቶሃል" አለችው ፖስታ ቤቷ።

"አልጠየቅኩም" አላት። "ማለቴ... ማንንም ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"ጥሩ። እና?"

"አዎ" አለ ወንድሟ። ቀጥሎ ቃሉ ብቻውን ያነሰበት ይመስል "አዎ፣ እመጣለሁ፣ ካልዘገየሁ" አለ።

ፖስታ ቤቷ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ወደ ጥርስ ሠሪዋ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እትዬ፣ እርስዎስ?"

"እኔ ትንሽ ከፍቶኛል፣ ብዙ ደግሞ ደስ ብሎኛል" አለች ጥርስ ሠሪዋ። "ሁለቱም የእውነት ነው።"

ፖስታ ቤቷ አቀፈቻት፣ አጥብቃም ያዘቻት። ከአውቶቡሱ ኋላ ባዶ ወንበር ተገኘ። ካርቶኖቹ ተጫኑ፣ ሻንጣውም ተጫነ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ለሁለት ወር የሚፈልገው ሰው የለም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በደብዳቤ እንደሚጨርስ ወንድሟ ነገራት። ደብዳቤ መጻፍ ላይ የሚያህለው የለም፣ ይህን አልካደችም።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ወንድሟ መስኮቱን ከፍቶ ከኪሱ የቁልፍ ቀለበት አወጣ።

"የቤተ መጻሕፍቱን ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ ስጪልኝ። የቤቱም አብሮ አለ፣ እንግዲህ ምን ያደርግልኛል" አላት።

ቀለበቱን ተቀበለችው። የጥርስ ሽቦ ሲያጥፉ የኖሩ ጣቶቿ ለዚህ ጊዜ አልወሰደባቸውም። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ አወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች፣ ቀለበቱን ግን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መስኮቱ ላይ ባለው እጁ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው።

"ይሄኮ የቤቱ ነው" አላት።

"አውቃለሁ፣ ያዘው" አለችና ጣቶቹን አንድ በአንድ በቁልፉ ላይ አጠፈቻቸው።